አምስቱ በሮችና የወልደሚካኤል «አዎ»

ሰፊው የሐረር ሕዝብ ሆይ! ከእንግዲህ ጣሪያህ ቢያፈስ፣ ግድግዳህ ቢሰነጠቅ፣ ያለ ጸሐፊው ወልደሚካኤል መልካም ፈቃድ ሰነድህ እንደማይገኝ እወቅ!

አዋጁ በጥሩምባ አልተነገረም እንጂ በቤት እድሳት ቢሮው ለዓመታት ሕግ ነበር። ወልደሚካኤል ማመልከቻ ኮምፒውተር ላይ ሲያስቀምጥ የሚሰይመው በባለቤቱ ስም ሳይሆን በዕለቱ ታቦት ነው፤ «ገብርኤል»፣ «የገብርኤል ማግስት»፣ «ገብርኤል ከሰዓት»። የጀጎል ሙስሊም ሁሉ ፈቃድ ለማውጣት ሲል ታቦት መቁጠር ለመደ።

«መቼ ነበር ያመለከቱት ሐጂ?»

«በተክለሃይማኖት ዋዜማ፣ ወላሂ!»

በሚሌኒየሙ ማግስት ሙና የምትባል የሐረሪ ልጅ ተቀጠረች። ለአምስቱ የጀጎል ግንብ በሮች አምስት ፎልደር ከፈተች፤ በየፎልደሩ ውስጥ ሰነዱን በቤት ቁጥር ሰየመች። ባለጉዳይ «ፈላና በር፣ አሥራ ሁለት» ሲል ወዲያው ይወጣለታል።

ወልደሚካኤል ነገሩ አልጣመውም። ሰው በየበሩ የሚለየው ለምንድን ነው? ማን ላካት? ደግሞስ ስታስረዳው ለምን ፈገግ ትላለች? ሐኪም ጋራ ከሚባለው ኮረብታ ካለው ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለንግሥት፣

«ወንበሬን ፈልጋለች» አላት።

«ታዲያ አሠራሩን ለምን አትማርም?»

«አንቺም ከእሷ ጋር ነሽ?»

አርብ ሙና ለምሳ ስትወጣ፣ ከአምስቱም ፎልደር ሰነዱን እየጎተተ አንድ ውስጥ ከመረው፤ ስሙንም «ልዩ ልዩ» አለው። ኮምፒውተሩ «በዚህ ስም ሌላ ሰነድ አለ፤ በላዩ ይተካ?» እያለ በእንግሊዝኛ ይጠይቀው ጀመር። ወልደሚካኤል በጎሪጥ አየው። «ሥራዬን ልታስተጓጉል ያጠመደችው ነው» ብሎ፣ እስኪያልቅ ድረስ «አዎ»ን ደበደበው። የአምስቱ በር «ቁጥር አሥራ ሁለት» ሰነዶች እርስ በርስ ተበላሉ፤ የተረፈው መጨረሻ የገባው የሸዋ በሩ ብቻ ነው።

ሰኞ የኤረር በሩ ሐጂ አብዱሰመድ መጡ፤ ዝናብ ሳይገባ ጣሪያቸውን ሊያስጠግኑ።

«ኤረር በር፣ አሥራ ሁለት» አሉ።

የሸዋ በር ሰው የሽንት ቤት ጉድጓድ ማመልከቻ ወጣላቸው።

«እኔ ጣሪያ ስል ጉድጓድ ታወጣልኛለህ? አስተግፊሩላህ!»

ሙና ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ጋሽ ወልዴ፣ ነክተውታል እንዴ?» አለች።

«እኔ? አንቺ ነሽ እንጂ በር በር እያልሽ ሕዝቡን የበታተንሽው!»

የቢሮው ኃላፊ በእድሜ የገፋውን አመነ። ሙና ወደ ገቢ ደብዳቤ መስኮት ተዛወረች፤ የሐጂ ጣሪያ ክረምቱን ሙሉ አፈሰሰ፤ ወንበሩ ግን ዳነ። ዳነ እንዳልል፣ ወልደሚካኤል አሁን የሚጠረጥረው ኮምፒውተሩን ነው። «አዎ» ሲል ያየው እሱ ብቻ ነዋ! ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር ስክሪኑን በጨርቅ ይሸፍናል።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ቤትህ ጀጎል፣ ቁጥርህም አሥራ ሁለት ከሆነ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ነገ ጠዋት ወደ መስኮቱ ጠጋ በልና ጨርቁን ገለጥ አድርገህ፣ ወልደሚካኤልን ዓይን ዓይኑን እያየህ፣ «በላዩ ይተካ?» ብለህ ጠይቅልኝ።