ለሁለተኛ ገዢ የማይከፈት በር

ባለፈው እሑድ ልጄ ስልኳን ይዛ መጣች። ክረምቱን ሙሉ ስትጫወተው የነበረውን ጌም ጠግባዋለች፤ ይፋግ ላለው ለአጎቷ ልጅ ልትሰጠው ፈልጋ አልሆነላትም።

«አባየ፣ የገዛሁት እኮ ነው፤ ለምንድን ነው የማይሰጥ?»

ስልኩን ተቀብዬ ብጎረጉር፣ ጌሙ ለካ የሷ አይደለም። በስሟ ተከፈተላት እንጂ አልተሸጠላትም። ማዋስ የለ፣ መለወጥ የለ፣ መሸጥ የለ። አካፋ የገዛ ሰው እንኳ አካፋውን ለጎረቤቱ ያውሳል። ደግሞ ጌሙ አያልቅም። ዛሬ ካልገባሽ ሽልማትሽ ያመልጥሻል ይላታል፤ ቆብ ይሸጥላታል፤ ቆቡን ከገዛች በኋላ ለቆቡ ቀለም ይሸጥላታል። ይህን ቁጭ ብለው የሚያስቡ ሰዎች ተምረው ነው አሉ።

እኔ በወጣትነቴ የማውቀው ጌም መጨረሻ ነበረው። ታሪኩ ሲያልቅ ሲዲውን ለሌላ ሰጥተህ ሌላ ትወስዳለህ። ጌም ሠሪዎቹን ያንገበገባቸውም ይኸው ነው። አንድ ሲዲ በአምስት ሰው እጅ ሲያልፍ እነሱ የሚያገኙት ከመጀመሪያው ብቻ ነበርና። ታዲያ ሰው ሊለየው የማይፈልግ ግሩም ጌም ለመሥራት የተጉ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ጌሙን ቆራርጠው ቆለፉበት፤ በኋላ ሲዲውን ራሱን አጥፍተው ተገላገሉ። ሁለተኛ ሰው እጅ የማይገባ ጌም ማለቅ ምን ያደርግለታል?

እኔ ከእነዚህ ሰዎች ጋር የተዋወቅሁት በጊደር ነው።

ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ወሩ ኅዳር፣ የፎገራ ሜዳ ውኃው ሸሽቶ፣ ሩዝ እየታጨደ፣ የወረታ መንገድ ከጭቃ ወደ አቧራ የሚለወጥበት ጊዜ። ኅዳርን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ፤ ገለባ ገለባ የሚሸተው አየር ሰውን ያለ ምክንያት ደስ ያሰኘዋል። ጓደኛዬ ይርሳው ያን ሰሞን ከጎንደር ተመለሰ። የሸማኔ ልጅ ነው። ከአምስተኛ ክፍል አቋርጦ ጎንደር አንድ ጌም ቤት ተቀጥሮ ነበር፤ ባለቤቱ ቤቱን ሲዘጋ በደመወዙ ፈንታ ያገለገለ ማጫወቻና አንድ ሲዲ ሰጥቶ አሰናበተው። መገንጠያው ላይ የጣና ዓሣ ጥብስ በአዋዜ እየበላን ተስማማን። እሱ ለእናቱ ነገ ወልዳ የምትታለብ ከብት ይፈልጋል፤ እኔ ወረታ ላይ ጌም ቤት መክፈት እፈልጋለሁ። የክርስትና አባቴ የሰጡኝ ዥንጉርጉር ጊደር ነበረችኝ። ለወጥን።

ልውውጡ የተፈጸመው በከብት ተራ ሥርዓት፣ በሽማግሌ ፊት ነው። በኛ አገር ከብት የሚሸጥ ሰው የከብቱን ነውር በአፉ ይናገራል፤ ትረግጣለች፣ አንድ ጡቷ አይሰጥም፣ ይላል። አውቆ የደበቀው ነውር ኋላ ከተገኘ ከብቱ ይመለሳል። እሱም ያላወቀው ከሆነ ግን የገዢው ዕዳ ነው፤ ግብይቱ ይጸናል። ሽማግሌው አያ ሞላ ነበሩ። እኔ «አጥር ትዘላለች» አልሁ። ይርሳው ደግሞ ማጫወቻውን እንደ ከብት ዳበስ አድርጎ፣ «አንዱ ጆይስቲክ ይንቀጠቀጣል። ሌላ የማውቀው ነውር የለበትም» አለ። ተራው ሁሉ ሳቀ።

ሲዲው የወንድምና የእህት ታሪክ ነበር። በካርቶኑ ላይ እሱ ሰይፍ፣ እሷ ቀስት ይዘዋል። የወረታ ወጣት ሁሉ የመጣው ቀስተኛዋን ብሎ ነው። በሦስተኛው ቀን የወንድሟ ታሪክ አልቆ የእሷ በር ላይ ስንደርስ፣ ማሽኑ ቁጥር ጠየቀ። ቁጥር ከየት ይምጣ? ጨዋታው እዚያ ላይ ቆመ። የባጃጅ ልጆች በደጄ ባለፉ ቁጥር «እኅትየዋ ዛሬም አልወጣችም?» እያሉ ይስቁብኛል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቤቴ ጭር አለ።

ካርቶኑን ስበረብር አንዲት ወረቀት አገኘሁ። እንደ ሞባይል ካርድ የሚፋቅ ቁጥር አላት፤ ተፍቋል። ከሥሩ በደቃቅ እንግሊዝኛ ሦስት መስመር ተጽፏል። የመጀመሪያው፣ ቁጥሩን ስታስገባ የእህቲቱ ታሪክ ይከፈታል ይላል። ሁለተኛው፣ ቁጥሩ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ ይህ አዲስ ለገዛ ሰው ብቻ ነው፣ ከሌላ ሰው እጅ የወሰደ አዲስ ቁጥር ከኛ ይግዛ ይላል።

ደጋግሜ አነበብሁት። ልጅቱ እዚያው ሲዲው ውስጥ ናት። ተሠርታ፣ ቀስቷን ይዛ ተቀምጣለች። የተቆለፈባት ሁለተኛ ሰው እንዳያያት ነው። ባለሙያ ቁጭ ብሎ፣ ለአንድ ጎንደሬ የሚከፈት፣ ለአንድ ወረቴ የማይከፈት በር ሠራ። ላም ሸጦ አራተኛውን ጡት በቁልፍ የሚይዝ ሰው ከብት ተራ ቢገኝ በዱላ ነበር የሚባረር።

ነገር ግን ጊደሬን ፈለግሁ። በማግስቱ ቅዳሜ ነበርና ይርሳውን ከብት ተራ አያ ሞላ ፊት አቆምሁት።

«አንተ የተማርኸው ነህ» አሉኝ አያ ሞላ፣ ወረቀቷን እያገላበጡ። «በል፣ ምን ይላል?»

የመጀመሪያውን መስመር አነበብሁላቸው። ሁለተኛውንም አነበብሁላቸው።

«ሌላስ?»

«ይኸው ነው፣ አያ።»

ይርሳው አንዴ እኔን አይቶ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አያ ሞላ፣ እኔ እንግሊዝኛ አላነብም። ጎንደር ሲሰጡኝም እንደተፋቀ ነው። ደሞም ጌሙን ተጫውቸ አልጨረስሁት። እግዜር ያውቃል።»

«አየ ልጀ! ካርድ ፍቆ የሞላ ሰው ባዶውን ይሸጣል?» አሉት አያ ሞላ።

ከኋላ አንዱ፣ «የሸማኔ ልጅ ለእርስዎ ነውሩን ሊነግርዎት ኑሯል?» አለ። ብዙ ሰው ሳቀ። በአባቱ የተሸመነ ጋቢ ለብሰው ነው የሳቁት። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ እጸየፈዋለሁ። ይሁንና ያን ቀን የጠቀመኝ እሱ ነው፤ ፍርዱን ግማሽ መንገድ ወስዶልኛል። ሦስተኛዋን መስመር ባነብላቸው፣ በሩ ከሌላ እጅ ለወሰደው ለይርሳውም ዝግ እንደነበር ይገባቸው ነበር። አያ ሞላ ጻድቅ ሰው ነበሩ፤ ሻጩ አላወቀም፣ ግብይቱ ይጸናል፣ ይሉኝ ነበር። ወረቀቷን አጥፌ ኪሴ ከተትኋት።

ጊደሯን ራሱ ይርሳው ከእናቱ ደጅ ፈትቶ አመጣልኝ። እናቱ ከሩዝ ገለባ ጋር አጥሚት ሲያጠጧት ሰንብተው ወፍራለች። ገመዱን አቀብሎኝ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ገበያ ላይ ለይርሳው ዋስ የሚሆን ሰው ጠፋ። የገና በዓል ሳይደርስ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወረደ።

ለልጄ እሑድ ዕለት ይህን ታሪክ ነገርኋት። ስለ በሩ፣ ስለ ቀስተኛዋ፣ ስለ ተፋቀው ቁጥር ነገርኋት። ሦስተኛዋ መስመር ላይ ስደርስ ዘለልኋት።

«ጌም ሠሪዎቹ እንዴት ያሉ ክፉዎች ናቸው!» አለች።

«ክፉዎች ናቸው» አልሁ።

ይርሳው ከተመለሰ ቆይቷል። በደብረ ታቦር መንገድ የሩዝ መፈልፈያ አለው፤ ሚዛኑ አይዋሽም ብሎ የፎገራ ገበሬ ሁሉ የሚሄደው እሱ ዘንድ ነው። እኔ ሩዜን በመኪና ጭኜ ይፋግ ድረስ ወስጄ አስፈለፍላለሁ። ሚስቴ ሞኝ ትለኛለች፤ ምክንያቱን ነግሬያት አላውቅም። ጌም ሠሪዎቹን ዛሬም እንቃቸዋለሁ፤ በየሄድሁበት እሰድባቸዋለሁ። ግን እነሱ ነውራቸውን በደቃቅ ፊደልም ቢሆን ጽፈውት ነበር። አንብቤ የደበቅሁት እኔ ነኝ።