እናቴ ለጉዳት ገማቹ የሰጠችው መልስ

እናቴ የምትተኛው ጓዳ ውስጥ ነበር። ቤታችን ጭሮ ከተማ፣ ዳገቱ ላይ ነው። የጓዳው የኋላ ግድግዳ ተቆርጦ የተደለደለውን አፈር ተደግፎ ስለቆመ፣ ክረምት ሲገባ ከላይ የሚወርደው ውሃ አፈሩ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከአፈሩም ወደ ግድግዳው ይመጣል። አባቴ በሕይወት ሳለ የጭቃውን ግድግዳ ብሎኬት እንዲመስል ብሎ በሲሚንቶ አስለሰነው። ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ያደርግ ስለነበር ደስ ብሎን ነበር። ሲሚንቶው ውሃውን ውስጥ አፍኖ እንደሚይዘው አንድ ግንበኛ የነገረኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ደረቁ ክፍል ሳሎኑ ነው። «እማዬ፣ አልጋሽን ወደዚህ እናውጣው» ብዬ ስንት ጊዜ እንደለመንኳት አላስታውስም።

«ሰው ሲመጣ የት ላስቀምጠው ነው? ሳሎን የእንግዳ ነው» ትለኛለች።

የትኛው እንግዳ? በወር አንዴ ከበደሳ ከተማ ለገበያ የሚመጡ ዘመዶች ጎራ ብለው ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ። ለእነሱ ሲባል ሶፋው በደረቅ ቤት፣ እናቴ በእርጥብ ቤት ታድራለች። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ መድኃኒት ቢኖረው ቀድሜ የምገዛው እኔ ነበርኩ።

ኢንሹራንስ የገባነው ወደን አይደለም። ጣሪያ ለመቀየር ቤቱን አስይዘን ስንበደር ባንኩ ግድ ብሎን ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ። «ጥያቄውን ሳታነቡ አትመልሱ» እያልኩ ተማሪ ላይ ስጮህ እውላለሁ። ያንን ውል ግን አንድ ገጽ እንኳ ሳላነብ ፈርሜ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ለእኔ ኢንሹራንስ ማለት ቤት ሲጎዳ የሚከፍል ማለት ነበር፤ በቃ።

ያ ክረምት ከሌሎቹ ሁሉ ባሰ። ጥቁሩ ሻጋታ ከወለሉ ተነስቶ የአልጋውን ራስጌ አለፈ። ፍራሹን ስናነሳው ከስሩ እርጥብ ነው። ሳሏ ጎህ ሲቀድ ይጀምርና እኔ ወደ ትምህርት ቤት ስወጣም አይቆምም። ጤና ጣቢያ ስወስዳት ነርሷ ወደ ጎን ጠራችኝና፣ «ሌላ ክረምት እዚያ ክፍል ካደሩ ሳንባቸው አይችለውም» አለችኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ብዬ በማግስቱ ኢንሹራንሱ ቢሮ ደወልኩ። ጉዳቱን የሚገምት ሰው እንልካለን አሉኝ። ሐሳቤ በሚከፍሉን ገንዘብ ያንን ግድግዳ አፍርሼ በድንጋይ ማስገንባት ነበር። ግድግዳው ከፈረሰ ደግሞ እናቴ ወደደችም ጠላችም ሳሎን ትገባለች።

ለእናቴ የነገርኳት እንዲህ ብዬ ነው፦ «ሐሙስ ከድሬዳዋ አንድ ሰውዬ ይመጣል። እኔ ክፍል ውስጥ ከሆንኩ ጓዳውን አሳዪው።»

እሷ የሰማችው ሰው እንደሚመጣ ነው። ሰው ደግሞ እንግዳ ነው።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ስገባ ቤቱ ኖራ ኖራ ይሸታል። ማለዳ እኔ ትምህርት ቤት እንደሄድኩ አንድ የቀን ሠራተኛ ጠርታ ግድግዳውን በኖራ አስቀብታዋለች። በላዩ ላይ የአልጋ ልብሷን እንደ መጋረጃ ሰቅላበታለች። ሰውዬው መጥቶ ሄዷል። እንቁላል ጠብሳ፣ ሻይ በዳቦ አቅርባለት ነበር።

«ምን ጠየቀሽ?»

«ጨዋ ልጅ ነው። ‹እማማ፣ ቤቱ እንዴት ነው? ያስቸገረዎት ነገር አለ?› አለኝ። ‹ተመስገን፣ ምንም አልሆንን› አልኩት። አንድም ጊዜ አልሳልኩበትም እኮ፤ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ አሳለፍኩት።» ኩራት ኩራት ይላታል። «ወረቀትም በአውራ ጣቴ አስፈረመኝ።»

ወረቀቱን አየሁት። የታየ ጉዳት የለም፤ ነዋሪዋም ይህንኑ አረጋግጠዋል ይላል።

ያን ጊዜ ያልኩትን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ልጻፈው። «በገዛ አፍሽ አበላሸሽው! ይኸው፣ እዚያው በስብሺ!» አልኳት። እናቴ የእንግዳውን ሳህን አንስታ ልታጥብ ወጣች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ኖራው ሦስት ቀን አልቆየም። ጥቁሩ በነጩ ላይ እንደገና ወጣ።

በሳምንቱ እዚሁ ከተማ ወዳለው የኢንሹራንሱ ቅርንጫፍ ሄድኩ። እናቴ የተናገረችው ለወጉ እንደሆነ፣ እንግዳ ፊት «ደህና አይደለሁም» የሚል ሰው አገራችን ውስጥ እንደሌለ ላስረዳ ነው። የተቀበለችኝ ጸሐፊ ሂጃቧን አስተካክላ እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ከዚያ የእኛኑ ውል አወጣችና ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። እሳት፣ መብረቅ፣ ድንገተኛ ጎርፍ ይካሳል። ቀስ በቀስ በሚሰርግ እርጥበት፣ በሻጋታና በእርጅና የሚመጣ ጉዳት አይካስም።

«አቦ፣ እናትሽን አትውቀሻቸው» አለችኝ። «ወላሂ፣ ግድግዳው ሰውዬው ፊት ቢፈርስም ያው ነበር። አላህ ያሽርልሽ።»

ከቢሮው ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ። አፍሬ ነበር። በዚያች ደቂቃ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሮጬ ሄጄ ለእናቴ መንገር።

ነገርኳት። መስመሩን ጭምር ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። አዳምጣኝ ፈገግ አለች። «አንቺ ልጅ፣ እኔን ለማጽናናት ነው። ልቤ እንዳያዝን ብለሽ ነው» አለችኝ። ውሉን እጇ ላይ ባስቀምጥላት ገለበጠችውና መልሳ ሰጠችኝ፤ ማንበብ አትችልም። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሰው ሁሉ ፊት፣ «ልጄ ቤት ልታሠራልኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁባት» ትላለች። ጎረቤት ለእኔ ከንፈሩን ይመጥጣል።

ጥቅምት ላይ አልጋዋን ሳሎን አወጣሁት፤ የምትከለክልበት አቅም አልነበራትም። ዘግይቼ ነበር።

ከመሞቷ በፊት በነበረው እሑድ እጄን ያዘችና፣ «ያን ቀን ስላበላሸሁብሽ ይቅር በይኝ» አለችኝ። ያበላሸሽው ነገር የለም፣ ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ አልኳት። አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። እንደገና ጠየቀችኝ፤ እንደገና ያንኑ መለስኩላት። ትንፋሿ እያጠረ ሄደ፤ እጄን ግን አልለቀቀችም፤ ቃሉን ከአፌ ሳትሰማ እንደማትለቀኝ ገባኝ። ስለዚህ ይቅር ብዬሻለሁ አልኳት።