አባቴ አረሙን ነቀሉልኝ

«አባባ፣ ኧረ ዶማውን ያስቀምጡት!» ብዬ ስጮህ ግማሹ መሬት ተገልብጦ ነበር።

ለማታውቁኝ፣ ዩኒቨርሲቲ የማጠናው አፈር ነው። ወደ ዖሜር ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ስንዴ ይዘራበት የነበረ፣ ባለቤቱ ከተወው የቆየ ማሳ አለ። ሣሩ በቅሎ ሲደርቅና ሥሩ እዚያው ሲበሰብስ አፈሩ ውስጥ ካርቦን ይጠራቀማል። በእኛ በረሃ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው። ከማሳው አንዲት ቁራሽ ለይቼ ስለካ ዓመታት አለፉ።

ዛሬ አባቴ «ሥራሽን አሳዪኝ» አሉኝና ይዣቸው ሄድኩ። ስልክ አውርቼ ስመለስ ናሙና የማወጣበትን ዶማ ይዘው ቁራሿን እየኮተኮቱ ነው። ጎንደር ገበሬ ለነበሩት ለአባቴ አረም የዋጠው ማሳ የባለቤቱ ውርደት ነዋ!

«የልጄ መሬት ጦሙን አድሮ ዝም ልበል?» አሉኝ ላባቸውን እየጠረጉ።

አፈሩ ሲገለበጥና አየር ሲያገኝ ካርቦኑ መልሶ ወደ ሰማይ እንደሚበን ነገርኳቸው። የነቀሉትን አረም ቆመው አዩት።

«ይመለሳል?»

«ይመለሳል አባባ፤ ግን ዓመታት ይፈጃል።»

(ማዕባዳ፣ ማለትም ቤተ ሙከራው ውስጥ፣ ያሉት ባልደረቦቼ ብዙ ሰበብ ሰምተዋል። «አባቴ አረሙልኝ» የሚል ግን አልሰሙም።)

ጥናቴን ግን አልተውም! በተቆፈረውና ባልተቆፈረው መካከል ዛሬውኑ ገመድ ወጠርኩ። የጠፋውንም የተረፈውንም ጎን ለጎን እለካለሁ።

የገመዱን አንድ ጫፍ የያዙልኝ አባባ ናቸው። ከዚያ ዶማውን ራሳቸው መኪናው ውስጥ ከተቱና፣ «በሚመጣው ሳምንትም አምጪኝ። ምንም ሳይሠሩ መሬት መጠበቅ አልለመድኩም፤ እለምደዋለሁ» አሉኝ።

የእናንተስ ወላጆች ሊያግዟችሁ ብለው ምን ነቀሉባችሁ? ጻፉልኝ። አባባ አጠገቤ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል፤ ብቻቸውን እንዳልሆኑ ላንብብላቸው።