ሮልሞፕስ የሚሉት ዓሣ

ዛሬ ጠዋት አንድ ጀርመናዊ እንግዳዬ በረንዳው ላይ የዓሣ ጠርሙስ ከፈተ። የአቼቶው ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ትሪውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመቱ፣ እናቴ በዐቢይ ጾም ታማ ተኛች። ሽሮው አልወርድ ብሏት ሰውነቷ አልቆ ነበር። የነፍስ አባቷ «ለታመመ ዓሣ ይፈቀዳል፣ ቅመሽ» አሏት። ላስታ ላይ ዓሣ ከየት ይመጣል? አስጎብኚው አባቴ ግን ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ያወጣቸውን ጀርመኖች ለምኖ አንድ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ውስጡ ብርማ ቆዳ ያለው፣ ጥቅልል ያለ ዓሣ ነበር። እናቴ ሽታውን ስባ ምራቋን ስትውጥ አየኋት፤ ከታመመች ወዲህ እንዲያ ስትሆን አይቻት አላውቅም።

«ምን ይባላል እሱ?» አለችው።

አባቴ በጀርመንኛው ይኮራ ነበር። «ሮልሞፕስ! ሞፕስ ድብልብል ያለች ውሻ ናት። ዓሣው ሲጠቀለል እሷን ስለሚመስል በሷ ስም ጠሩት» አላት እየሳቀ።

የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች።

«በጾም አፌ የውሻ ስም የወጣለትን ልቅመስ?»

ቢለምናት፣ ቢምልላት፣ ፊቷን ከግድግዳው አልመለሰችም። ሆሳዕና ሳይደርስ ቀበርናት። አባቴ ከለቅሶው በኋላ ብቻውን ተቀምጦ «ዓሣ ነው ብዬ ዝም ብል ምን ነበረበት?» ሲል እሰማው ነበር። ማንን እንደሚጠይቅ ያኔ አልገባኝም።

እንግዳዬ አንዱን በሹካ አንስቶ ዘረጋልኝ። «ስሙ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ?»

«ተወው፣ አትንገረኝ» አልኩና ጎረስኩት።

እናቴ ኮምጣጣ ነገር ትወድ ነበር።