ቆላ የወረደው ካፖርት

«እቴቴ፣ እዚያ እኮ ሰው በካናቴራ ነው የሚውለው!»

«እዚያማ ይዋል። በጃንዋሪ ከአውሮፕላን ሲወርድ ምን ሊለብስ ነው?»

«ይመለሳል ያለው ማነው?»

ይቺን ማለት አልነበረብኝም። አክስቴ የልጃቸውን ካፖርት ባክፓኬ ላይ ጫኑትና ወደ ኩሽና ገቡ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ እሳቸው ሰፈር ላንድማርክ ድረስ የነዳሁት ደህና ሁኑ ለማለት ብቻ ነበር። በእኛ ሰው ዘንድ መንገደኛ መሆንሽ ከተሰማ ሻንጣሽ ያንቺ አይደለም፤ በርበሬው፣ መድኃኒቱ፣ የሕፃን ጫማው ይጎርፋል። ጀርባ ላይ የሚታዘል ሻንጣ ከዚህ ያድነኛል ብዬ ነበር።

ካፖርቱ ጥቁር ነው፣ ባለ ቆብ፣ ጉልበት ድረስ የሚወርድ። ባለቤቱ የአክስቴ አንድያ ልጅ ነው። ለሁለት ሳምንት ዕረፍት ብሎ ወደ ኮስታ ሪካ የካሪቢያን ዳርቻ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆነው። ካፖርቱ ያን ሁሉ ጊዜ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ጠበቀው። እሳቸውም ጠበቁት። የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲጠይቃቸው «ለሥራ ነው፣ ሊመጣ ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ስለ ውሃ ግጥም እየጻፍኩ የማየው ውሃ የፖቶማክን ወንዝ ብቻ ነበር፤ ያውም ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና ድልድይ ላይ ትራፊክ ይዞኝ። ፏፏቴ አማረኝና እሱ ወዳለበት ልሄድ ተነሳሁ።

«ሴት ልጅ ቤቷን እንደ ቀንድ አውጣ አዝላ ትዙር?» ሲሉ ከኩሽና ተሰሙኝ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አልብሺውና ይዘሽው ነይ።»

ይዤው ሄድኩ። ባክፓኬ ላይ በገመድ ሳስረው፣ እጅጌዎቹ በትከሻዬ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለው፣ የሰከረ ሰው ያዘልኩ መሰልኩ። እዚያ ደርሼ በተሳፈርኩበት አውቶቡስ ውስጥ አንድ መንገደኛ በረዶ ያለው የትኛው ተራራ ላይ እንደሆነ ጠየቀኝ። እሱ ያለባት የባሕር ዳር ከተማ አንድ መንገድ ብቻ አላት፤ መንገዱ ላይ ብስክሌትና ዶሮ እኩል ቅድሚያ አላቸው። በየአጥሩ ላይ የተሰጣ ፎጣ አለ፣ የደረቀ ግን አላየሁም። ካፖርቱም የባሕሩን እርጥበት እየጠጣ በየቀኑ ከበደኝ።

የአክስቴን ልጅ ያገኘሁት ብስክሌት የሚከራይበት ደጅ ላይ ነው። ቱሪስት እየመራ ፏፏቴ ይወጣል። ከእኔ በፊት ካፖርቱን አየው። ሆዱን ይዞ መሬት ላይ እስኪቀመጥ ሳቀ።

«አንቺ ቀዥቃዣ፣ እምቢ ማለት አታውቂም?»

«አንተ እናትህን እምቢ ብለህ ታውቃለህ?»

«አንዴ» አለና በአገጩ ባሕሩን አሳየኝ።

በማግስቱ ወደ ጫካው ወጣን። ዝናብ ይመጣል ብሎ ካፖርቱን እሱ ተሸከመ። ጭቃው ጫማዬን ሁለቴ አወለቀው። የመጀመሪያው ፏፏቴ ቀጭን ነው፣ ቧንቧው የተበላሸ የአፓርታማ ሻወር ይመስላል። ሁለተኛው ግን ገና ሳናየው ወሬያችንን ቀማን፤ አፋችን ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ድምፅ የለም። ከነልብሴ ገባሁ። ውሃው አናቴን ሲመታኝ ስለ ውሃ የጻፍኩት ሁሉ ደረቅ መሆኑ ገባኝ። ስወጣ ጥርሴ ይንገጫገጫል። የአክስቴ ልጅ ካፖርቱን አለበሰኝ።

«እንኳን አመጣሽው!» ብሎ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

ስንመለስ ቤቱ አረፍን። በእንጨት ቋሚ ላይ የቆመች የሳንቃ ቤት ናት። ጓሮው ውስጥ ቸኮላት የሚሠራበት የካካዎ ፍሬ ቆርቆሮ ላይ ተሰጥቷል።

«እናትህን ምን ልበላቸው?» አልኩት።

ቆርቆሮው ላይ ጎንበስ ብሎ ፍሬውን በመዳፉ ያገላብጥ ጀመር። የምሄድ ዕለት ካፖርቱን አጣጥፎ ሰጠኝ። ኪሶቹ አብጠዋል። «የሰው ዕቃ ባዶ አይመለስም» አለ። ጨዋነት ነው ብዬ አለፍኩት።

አክስቴ በሩን ሲከፍቱልኝ መጀመሪያ ያዩት እኔን አይደለም። በትከሻዬ ላይ አሻግረው ኮሪደሩን እስከ ሊፍቱ ድረስ አዩ። ከዚያ ካፖርቱን ተቀበሉኝ። ኪሱ ውስጥ እጃቸውን ከተቱና አንድ ፍሬ አውጥተው አሸተቱ።

«ምንድን ነው?»

«ካካዎ። ከጓሮው።»

«ጓሮ አለው?»

«አለው፣ እቴቴ።»

ካፖርቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። «መንገደኛ ዕቃ ሞልቶ አይመልስም» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲህ የሚያደርግ ጎረቤት ነው። ልጄ ቤት አቁሟል።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ከስቷል?»

«ወፍሯል።»

«ውሸታም!» አሉና ሳቁ፤ ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። ሳህን አምጥተው ኪሶቹን አንድ በአንድ ገለበጡ። የተጣበቀችውን ፍሬ ሳይቀር በጥፍራቸው ፈልቅቀው አወጡ። ካፖርቱን አራገፉና ክንዳቸው ላይ ጣሉት።

«የት ሊሄዱ ነው?»

«ታች ቤት። ያ በዲቪ የመጣው ልጅ በሹራብ ነው አውቶቡስ የሚጠብቀው፣ ብርድ ሊገድለው ነው።»

«እቴቴ፣ ምናልባት እኮ አንድ ቀን...»

«ከመጣ ይገዛል፤ ቤት ያቆመ ሰው ካፖርት አያጣም። አንቺ ይልቅ ያን ፍሬ እንዳትጨርሺብኝ!»

ወጡ። በሩ ሲዘጋ ባዶው ሚስማር ወደ እኔ ዞረ።