«አይዞሽ» የሚለው ጌም

ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ በሰማሁ ቁጥር ቡታጅራ ያለው ቤታችን ትዝ ይለኛል፣ ከቤቱም ሁሉ ያ ጌም። አባባ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ስለነበር፣ ከአንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ጋር የመጣ የጌም ማጫወቻ ጠግኖ ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ ለናቲ ሰጥቶን ነበር። ያለን ጌም አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ትንሽ ልጅ ጭጋግ በዋጠው ጫካ ውስጥ በዝናብ ብቻውን ይሄዳል። ነጥብ የለው፣ ሰዓት የለው፣ ጠላት የለው። «እናቱን ነው የሚፈልገው» ያለኝ ናቲ ነው። የቴሌቪዥኑ ዝናብ ከጣሪያችን ዝናብ ጋር ይቀላቀልብኝና፣ እግሬን ብርድ ልብስ ውስጥ እሰበስብ ነበር።

ያን ክረምት እማዬ ታማ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ትመለስ አትመለስ የሚነግረኝ ስላልነበር፣ የሰባት ዓመቷ እኔ የምጠይቀው ጌሙን ነበር። ልጁ ትንሽ ሲቆም ከታች የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ይላል። አንባቢያችን ናቲ ነበር፣ ስድስተኛ ክፍል ነዋ! እንባዬ ሲመጣ ካየ ልጁን ያቆመውና፣ ጽሑፉ እስኪወጣ ጠብቆ፣ «አይዞሽ፣ እናትሽ ትመጣለች፣ ብቻ መንገዱን አትልቀቂ፣ ይላል» ብሎ ያነብልኝ ነበር። ልጁ ወንድ ሆኖ ሳለ «አይዞሽ» መባሉ አንድም ቀን አልገረመኝም፤ እኔ ሞኟ አምኜ፣ ቆጮዬን በልቼ እተኛ ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ አባባ እማዬን ጠይቆ ተመለሰ። ሰላም እንኳ ሳይለን መጠገኛ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ናቲ ልጁን አቆመው። ጽሑፉ ሲወጣ አፍጥጦ ቆየና፣ ቀስ ብሎ «አይዞህ» አለ።

«ተሳሳትክ! አይዞሽ ነው የሚለው!» ብዬ ጮህኩበት።

«እሺ፣ አይዞሽ» አለኝ።

አገሬው ሁሉ ለመስቀል ወደ ቤቱ ሲጎርፍ እማዬም መጣች፤ ከስታ፣ ሹራቧ ሰፍቷት፣ ግን መጣች! አጠገባችን ተቀምጣ ጌሙን አየችና፣ «ውይ፣ ይሄን ልጅ ጃኬት የሚያለብሰው ሰው የለም?» አለች። በጋው ገብቶ ጣሪያው ዝም ሲል ጌሙ ቀዘቀዘብንና ተውነው።

ዛሬ ወልቂጤ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የልጄ ጌሞች በቀስት፣ በነጥብና በትእዛዝ የተሞሉ ናቸው፤ ገና በሐሳቡ ጌሙ ውስጥ ገባ ሲል አንዱ ጽሑፍ ጎትቶ ያስወጣዋል። ባለፈው ክረምት ያን የድሮ ጌም ኮምፒውተር ላይ አግኝቼ ከፈትኩለት። የጌሙን ልጅ አቆምኩት፣ ጽሑፉ ወጣ። «ለመዝለል ክቡን ቁልፍ ተጫን» ይላል፣ በቃ፣ ሌላ የለውም። ልጄ «ኤጭ፣ ይሄ ጽሑፍ ያበላሸዋል» አለ። እኔን ግን ክረምቱን ሙሉ ደግፎ ያቆየኝ ይኸው ጽሑፍ ነው። ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ግን ናቲ «አይዞህ» ያለበት ያ ቅዳሜ ትዝ አለኝ። ናቲም እኮ ልጅ ነበር፣ እማዬም እናቱ ነበረች።

ደወልኩለትና «አይዞህ» አልኩት።

«ምነው፣ ምን ሆንኩ?» አለኝ።

«ምንም። ያኔ የቀማሁህ ናት።»