አዳዳ ባለቤቴን ያዩ ዕለት

የአባቴ እህት ሠርጌ ላይ ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ ሙሽራውን ግን አላዩትም። ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ተሸፍነው ስለነበር መንጋቱንና መምሸቱን ከመለየት በቀር ምንም አይታያቸውም። ባለቤቴን ያወቁት በድምፁ ነው። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ሲናገር ከጋን ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ያን ድምፅ ሰሙ፣ እጁን በሁለት እጃቸው ዳበሱና «ይሁን፣ ደህና ሰው ነው» አሉ። ጋብቻዬ በዚሁ ጸደቀ።

አዳዳ ነው የምላቸው፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስለሞተች ከጎባ በላይ ወደ ተራራው በሚወጣው ገጠር ገብስና ባቄላ እየዘሩ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ወደ ሮቤ አምጥቼ ከእኔ ጋር አኖርኳቸው። እኔ ገበያው አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ በሮቤና በጎባ መካከል ሚኒባስ ይነዳል።

ሰፈሩ እኔን በሁለት ነገር ያውቀኝ ነበር፤ በስፌቴ ጥራትና በኩራቴ። ስፌቱ እውነት ነው፤ ያለ ብዙ ብርሃን እንኳ ክር መርፌ ውስጥ አስገባለሁ። ኩራቱ ግን ከየት እንደመጣ አይገባኝም ነበር። «ያቺ ሴትዮ ከመንገድ ማዶ ሰላም ሲሏት ዞራም አታይ» ይባላል አሉ። ሱቄ ድረስ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ተነሥቼ ሰላም እላለሁ፤ ከዚያ በላይ ምን ይፈልጉብኛል ብዬ እበሳጭ ነበር።

አዳዳን ሐኪም ዘንድ ለመውሰድ ብዙ ለመንኳቸው። እሺ አይሉም። አንድ ሰው በልጅነታቸው «ሐኪሞች ዓይንን በማንኪያ አውጥተው፣ አጥበው ነው የሚመልሱት» ብሏቸዋል።

«ሲመልሱት ገልብጠው ቢያስገቡትስ?» ይሉኛል። «ዕድሜዬን ሙሉ የራሴን ጭንቅላት ውስጡን ሳይ ልኑር?»

ያሳመነቻቸው ከደሎ መና ማር እያመጣች የምትሸጥ ደንበኛዬ ናት። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ቀሚስ ልታስለካ መጥታ አዳዳ ጥጉ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እሷም እንደሳቸው ሞራ ይዟት ነበር፤ ተሠርታ ድናለች። አዳዳ ወሬዋን እስከ መጨረሻው ሰሙና «ዳንኩ የሚል ብዙ ነው። እስቲ የራስ ሻሼ ምን ዓይነት ነው?» አሉ።

ሴትዮዋ ከበሩ ሳትነቃነቅ፣ «አረንጓዴ ነው፤ ዳር ዳሩን ቢጫ አበባ አለበት። በግራ በኩል ደግሞ ወጥ ነክቶታል» አለች።

አዳዳ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ «ወጥ የነካው ሻሽ አድርጌ ነው ሰው መሀል የምታስቀምጪኝ?» አሉ በኦሮምኛ፤ ሲቆጡ አማርኛው ይጠፋባቸዋል። በማግስቱ ከፈጅር ሶላት በኋላ ጫማቸውን አድርገው በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ምን ትጠብቂያለሽ? ጎባ ውሰጂኝ እንጂ።»

ጎባ ሆስፒታል ያገኘናት የዓይን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። «አካም ጅርቱ» ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ስትጀምር አዳዳ ትከሻቸው ላላ። በትንሽ መብራት ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ተራ በተራ አየች፤ የደም ግፊትና ስኳር አስለካች።

«ዓይንዎን አናወጣም፣ አዳዳ» አለቻቸው፤ እኔ ስጠራቸው ሰምታ እሷም እንደዚያው መጥራት ጀምራ ነበር። «ውስጡ እንደ መስታወት የጠራ ነገር አለ፤ በዕድሜ ብዛት ደፈረሰ። እሱን አውጥተን በቦታው አዲስ የጠራ እናስገባለን። መጀመሪያ አንዱን፣ ሲድን ሌላውን።»

«የወጣውን ትሰጪኛለሽ?»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ምን ሲጋርደኝ እንደኖረ ልየዋ።»

ሐኪሟ ሳቋን በእጇ ያዘች። ቀዶ ሕክምናው የተደረገ ቀን እኔ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ምን እንዳሰብኩ አላህ ያውቃል። አዳዳ ግን ቀኝ ዓይናቸው ታሽጎ ሲወጡ፣ የማደንዘዣው መርፌ ካልሆነ በቀር ምንም እንዳልተሰማቸው፣ እንዲያውም ሐኪሟን ስለ ዘመዶቿ ሊጠይቋት ቢሞክሩ «አሁን አይናገሩ» እንዳለቻቸው ቅር ብሏቸው ነገሩኝ።

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ እሽጉን አነሣችላቸው። አዳዳ ቀስ ብለው ዓይናቸውን ከፈቱ። በመጀመሪያ ነርሷን አዩ፤ «ማሻአላህ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ትክ ብለው አዩኝ። ብዙ ቆዩ።

«አዳዳ፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ድምፅሽን አውቀዋለሁ። ፊትሽ ግን የእናትሽ ነው።» እጃቸውን ዘርግተው ከሻሼ የወጣውን ፀጉር ነኩት። «ሸብተሻል እንዴ? መቼ ነው የሸበትሽው? ማንን አስፈቅደሽ?»

እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር፤ ይህን ሲሉ ሳቁ ቀደመኝ፤ ሁለቱ ተደባለቁብኝ። ነርሷ ጊዜ አልሰጠችንም። አዳዳን ከግድግዳው ራቅ ያለ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ፊደል ወደተደረደረበት ሰሌዳ አመለከተች። ፊደሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሦስት ጣት እንዳለው ሹካ ሆኖ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ጎን ይዞራል። ማንበብ የማይችል ሰውም ጣቶቹ ወዴት እንደዞሩ በእጁ ያሳያል። እኔ ከአዳዳ ኋላ ቆምኩ። ትልልቆቹን በቀላሉ አሳዩ። ወደ ትንንሾቹ ሲወርዱ ትንሽ ዘገዩ፤ እኔም ልረዳቸው ብዬ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አልኩና «ወደ ላይ» አልኳቸው በሹክሹክታ።

አዳዳ እጃቸውን ወደ ቀኝ ዘረጉ።

«ወደ ላይ ነው፣ አዳዳ» አልኩ ደግሜ።

«ወደ ቀኝ ነው» አሉ ጮክ ብለው። «ይቺ ልጅ ምን ሆናለች?»

ነርሷ ሰሌዳውን አየች፤ እኔን አየች። «አዳዳ ልክ ናቸው» አለችና በእርጋታ፣ «እስቲ አንቺ ደግሞ ተቀመጪ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ከላይኛው ትልቅ ፊደል በታች ያሉት ሁሉ ለእኔ የተደፋ ቀለም ነበሩ። ሰው ሁሉ እንዲህ የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ትናንት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው አሮጊት አጠገቤ ቆመው፣ «ወደ ታች ነው እኮ፣ ልጄ፣ እንዴት አይታይሽም?» እያሉ ያርሙኛል። ነርሷ አዳዳን ዝም ማሰኘት አቃታት።

ከዚያ ሌንስ እየተቀያየረ የሚገባበት ከባድ የብረት መነጽር አፍንጫዬ ላይ አደረጉልኝ። «አሁን ይሻላል ወይስ ቅድም?» እያሉ አንዱን አውጥተው ሌላውን ያስገባሉ። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ጣታቸውን ዘረጉ። ቅርቡን አጥርቼ የማየው፣ ሩቁ ግን የሚደበዝዝብኝ ብዙ ሰው ያለው ዓይነት ዓይን ስላለኝ እንደሆነ፣ ስፌቱ ያላስቸገረኝም ለዚሁ እንደሆነ አስረዱኝ። «እንዲያው በመስኮት ሩቅ ተመልከቺበት» አለችኝ ነርሷ።

ተነሥቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ከግቢው ወዲያ ማዶ ሚኒባስ ቆሟል። ታርጋውን አነበብኩት፤ የኛው ነው። በሾፌሩ መስኮት አንድ ሰው ክርኑን አውጥቶ ተቀምጧል፤ ጺሙን በጣቱ ያካል። ሰውየው ቀና ብሎ መስኮቱ ላይ አየኝና እጁን አነሣ። ባለቤቴ ነው። ሰላም እያለኝ ነው። እኔም እጄን አነሣሁ።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ዞር ብሎ ከኋላው ሰው መኖሩን አየ። እንደገና አነሣ፤ እኔም እንደገና አነሣሁ። በሩን ከፍቶ ወረደና ግቢውን ሩጫ በሚመስል እርምጃ አቋርጦ መጣ። ከምርመራው ክፍል በር ላይ ደርሶ ያን ብረት አፍንጫዬ ላይ ሲያይ ቆመ።

«ማንን ነው ሰላም ያልሽው?» አለኝ።

«አንተን ነዋ።»

«እኔን? ከዚያ ድረስ?» በሩን ደገፍ አለ። «ሳልጠይቅሽ በፊት በየቀኑ በሱቅሽ ሳልፍ ጥሩምባ እየነፋሁ እጄን አነሣ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ቀና ብለሽ አላየሽኝም። የተከበረች ሴት ናት፣ ለሾፌር እጇን አታነሣም አልኩ። ሽማግሌ የላክሁት እኮ በዚህ ነው።»

«አላየሁህም» አልኩት። «መኪና ይታየኛል፤ ውስጡ ያለው ሰው አይታየኝም።»

እኔ ስነሣ ወንበሩ ላይ የተመለሱት አዳዳ ብድግ አሉ። ያን ወፍራም ድምፅ ተከትለው ባለቤቴ ፊት ቆሙ፤ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፤ ጆሮዎቹ ግን ከራሱ ራቅ ብለው፣ እንደ ተከፈተ በር ወደ ውጭ የቆሙ ናቸው። ይህን ማንም ለአዳዳ ነግሯቸው አያውቅም።

«ይህ ሁሉ ጆሮ ያንተ ነው?» አሉት።

«አዎ፣ አዳዳ» አለ በዚያ ድምፁ።

«እኔ በድምፁ መረጥኩት፤ እሱ በማያዩ ዓይኖችሽ መረጠሽ፤ አንቺም ሳታዪው እሺ አልሽ። ይህ ጋብቻ እኮ ማንም ምንም ሳያይ ነው የተፈጸመው።» ከዚያ ሁለቱንም ጆሮዎች ያዙና ራሱን ጎትተው ግንባሩን ሳሙት። ነርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ ብረቱ እንዳይወድቅ በሁለት እጄ ይዤ ስስቅ ሆዴን አመመኝ።

ወደ ሮቤ ስንመለስ ከፊት ወንበር የተቀመጡት አዳዳ ነበሩ። ዓይናቸውን ከአቧራና ከፀሐይ እንዲከልል ጥቁር መነጽር ተሰጥቷቸዋል፤ ቁልቁል እንዳያጎነብሱ፣ ዓይናቸውን እንዳያሹ፣ ጠብታውን እንዳያቋርጡ ተነግሯቸዋል። አላጎነበሱም፤ ነገር ግን አንገታቸው ለአፍታ አላረፈም። የፈረስ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ አዲስ ፎቅ፣ የስንዴው ማሳ፣ ሁሉንም ለተሳፋሪው ይናገራሉ። አንዱን ተሳፋሪ ዞረው አዩና «አንተ ልጅ ፂምህ ያምራል፤ ሚስት አለህ?» አሉት። የለኝም ሲላቸው፣ ከኋላ ወደተቀመጠች ልጅ በአገጫቸው ጠቆሙ። መኪናው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ልጅቷ በነጠላዋ ተሸፈነች።

የኔ መነጽር የደረሰው ከቀናት በኋላ ነው። አድርጌው ከሱቄ ስወጣ መንገዱ በሰው ፊት ተሞላ። ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ሰላም ሲለኝ ሰላም አልኩት፤ ምላጩን እንደያዘ ደንበኛውን ትቶ በር ላይ ወጣና አየኝ። ከዚያ በኋላ ማቆም አቃተኝ። የማውቀውን፣ የማላውቀውን፣ ባጃጅ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰላም ስል ዋልኩ። ራሴ የሰፋሁት ቀሚስ ከመንገዱ ማዶ ሲያልፍ አይቼ ጠርዙ በኋላ በኩል መዝመሙን ተገነዘብኩ፤ ሴትዮዋን ሮጬ ደርሼባት በነፃ እንዳስተካክልላት ለመንኳት። ሰፈሩ «ያቺ ኩሩ ሴትዮ ምን ነካት?» ብሎ ሰነበተ።

አዳዳ በበኩላቸው የሠፈሩን ሽማግሌዎች ዓይን መመርመር ጀመሩ። ለክትትል ጎባ የምንመለስበት ቀን ሲደርስ ሁለት ሰው ይዘው ሚኒባሱ ውስጥ ገቡ፤ ጎረቤታችን ሐጂና፣ ከሱቄ አጠገብ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ፣ ከጉራጌ አገር ድሮ የመጣች ሴትዮ።

ሐጂ የፈለጉት የአዳዳን ዓይነት ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሟ መርምራ ዓይናቸው ጤነኛ እንደሆነ፣ በዕድሜ ምክንያት የቅርብ ነገር ስለሚያስቸግራቸው የማንበቢያ መነጽር ብቻ እንደሚበቃቸው ስትነግራቸው ተቆጡ።

«ለእሷ አዲስ ዓይን፣ ለእኔ መነጽር?»

መነጽሩን አድርገው ኪሳቸው ውስጥ የሚይዙትን ትንሽ ቁርኣን ሲከፍቱ ግን ቁጣው ጠፋ። መተላለፊያው ላይ ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ጆሮውን ሰጣቸው።

የቅመም ሻጯ ጉዳይ ግን ሌላ ሆነ። ግላኮማ ነው ተባለች፤ በዓይኗ ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን ሲጎዳ ቆይቷል። የጠፋው እይታ አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት ግን ጠብታ በየቀኑ፣ ሳይቋረጥ ማድረግ አለባት። ከክፍሉ ስትወጣ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

አዳዳ እጇን ያዙ። «የቀረሽ አለሽ፣ አይደል?» አሏት።

«አለኝ።»

«እንግዲያው እሱን እንጠብቃለን። በጠብታ እኔን የሚያህል የለም፤ የእኔን አንድም ቀን አላሳለፍኩም። በየምሽቱ እየመጣሁ አደርግልሻለሁ።»

ስንመለስ አዳዳ የፊት ወንበሩን ትተው ኋላ ከሷ ጋር ተቀመጡ። ሐጂ መነጽሩን ከዓይናቸው ላይ አላወርድም ብለው፣ «ይህ መንገድ ምን ሆኖ ነው የደፈረሰው?» እያሉ ባለቤቴን ይጠይቁታል። «ለማንበቢያ ነው፣ ሐጂ፤ ለመንገድ ያውልቁት» ቢላቸው እምቢ አሉ። የቅመም ሻጯ መጀመሪያ በአፍንጫዋ ሳቀች፤ ከዚያ አልቻለችም፤ በአዳዳ ትከሻ ላይ ተደግፋ ሳቀች።

አዳዳ ቃላቸውን ጠበቁ። መሸት ሲል ጠርሙሷን ይዘው በርበሬው መሀል ይገባሉ። መርፌዬን እየወጋሁ በግድግዳው በኩል እሰማቸዋለሁ። «ቀና በይ።» «ቀና ብያለሁ።» «አልሽም፤ አያለሁ እኮ።»